ደወልን ሞጁል ላደረጉት ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ወንድይፍራው ጌታሁን
በእንስሳት ጤና መረጃ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት የሶፍትዌር ስያሜ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጂንካ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዞዎት እንደነበር ሰምቼ አዝኜ ነበር፤ በማግስቱ ሐኪም አይቶዎት፣ በሦስተኛው ቀን ተሽሎዎት ስብሰባ እንደመሩ ሲነገረኝ ግን ሕመም በወቅቱ ሲነገርና ሰሚ ሲያገኝ እንዴት ፈጥኖ እንደሚድን አሰብኩና ተጽናናሁ። ጤናውን ያብዛልዎ።

እኔ ሽታዬ ዳርጌ እባላለሁ። ጂንካ ከገበያው በላይ የጽሕፈትና የስልክ ጥገና ሱቅ አለኝ። የኮሚቴዎን አሥራ አራት ቃለ ጉባኤዎች አንድ በአንድ የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ለሃያ ሁለቱ የቀበሌ የእንስሳት ጤና ሠራተኞችም ፕሮግራሙን ስልካቸው ላይ ጭኜ ያሠለጠንኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ከወሬ ተነሥቼ አይደለም። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ሌላም ሰው ስለሚያነበው ነገሩን ከመነሻው ብጀምር ቅር እንደማይሰኙ አምናለሁ፤ ከመነሻው መጀመር የኮሚቴው ባህል ነውና።

በ2010 ዓ.ም. አንድ የሐዋሳ ድርጅት «መንጋዬ» የሚባል የስልክ ፕሮግራም ሠርቶ ለጽሕፈት ቤቱ ሸጠ። በውስጡ አራት መሣሪያዎች ነበሩ። ከላይ «ደወል» ነበር፤ በሽታ ሲነሣ የሚነካ፣ ጂንካ ያለችው የእንስሳት ሐኪም ስልክ ላይ ወዲያው የሚጮህ። ከሥሩ ከብቱን በጆሮው ምልክት የሚመዘግበው «ጆሮ»፣ ክትባት የሚቆጥረው «መርፌ»፣ የቆየ መረጃ የሚቀመጥበት «በረት» ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ላይ ሥዕሉ አለ፤ ማንበብ የሚከብደው ሰው እንኳ ሥዕሉን አይቶ ይነካል። አምስት ዓመት ሙሉ ማንም አልተሳሳተም።

በ2015 ኅዳር ላይ ድርጅቱ ሥራውን ሲዘጋ አንድ ደግ ነገር አደረገ፤ ፕሮግራሙን ከነኮዱ ለሕዝብ ለቀቀው። ክፍት ኮድ ይሉታል፤ ማንም ሰው ወስዶ ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለው፣ ለጎረቤቱም ሊያካፍለው ይችላል ማለት ነው። በላኩልን ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አንድ ልመና ብቻ ነበረች፤ ሁለት መስመር። «መንጋዬ» የሚለው ስም በንግድ ምልክትነት የተመዘገበ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ፣ ፕሮግራሙን ከእንግዲህ በሌላ ስም ጥሩት የምትል። ቅሬታዬ ከዚህች ልመና ይነሣል፤ እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ጥንቃቄዎ ላመሰግን። የተለመንነው አንድ ስም እንድንቀይር ነበር። ይህ ለተራ ሰው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሊመስለው ይችላል፤ ኮሚቴው ግን ስምንት ወር ሠራበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስብሰባዎች ኮሚቴው ራሱ «የስም» ይባል «የስያሜ» በሚለው ላይ ተወያይተው መበተናቸውን ቃለ ጉባኤው ይመሰክራል። በአምስተኛው ስብሰባ ደግሞ አንዱ ስም የሰው ንብረት ሆኖ ከተገኘ የቀሩትም ላለመሆናቸው ዋስትና የለንም ተብሎ፣ ማንም ያልጠየቀንን አራቱን የመሣሪያ ስሞች ጭምር ለመቀየር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። «ደወል» እና «በረት» የሚሉት ቃላት ከብት ከብት ይሸታሉ፣ የጽሕፈት ቤቱን ክብርም አይመጥኑም መባሉ ትዝ ይለኛል። ለከብት በተሠራ ፕሮግራም ውስጥ የከብት ጠረን መገኘቱ በእርግጥም አሳሳቢ ነበር።

፪. ቀጥሎ ስለ ስሞቹ ውበት። መንጋዬ «የተቀናጀ ዲጂታል የእንስሳት ጤና መረጃ ሥርዓት» ተባለ፤ ሲያጥር «ተዲእጤመሥ»። ይህንን ቃል በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እርስዎም በምረቃው ዕለት ሁለት ጊዜ ጀምረው ውኃ መጠየቅዎን አይዘነጉትም። የሐመር ገበያ ያለባት የዲመካ ሰው ቸግሮት «ቴዲ» አለው። ቴዲ የሚባል አዲስ የእንስሳት ሐኪም የተቀጠረ መስሏቸው፣ በገበያ ቀን የታመመች ጊደር እየነዱ መጥተው እስከ ከሰዓት ቴዲን የጠበቁ ሁለት ሽማግሌዎች እንደነበሩም ተነግሮኛል።

አራቱ መሣሪያዎችም ክብራቸውን አገኙ። በረት «የተቀናጀ የእንስሳት ሁኔታ መረጃ ማከማቻ ሞጁል»፣ ጆሮ «የተቀናጀ የእንስሳት መለያ ምዝገባ ሞጁል»፣ መርፌ «የተቀናጀ የእንስሳት ክትባት አሰጣጥ መከታተያ ሞጁል»፣ ደወል ደግሞ «የተቀናጀ የእንስሳት ጤና ክስተት ማስጠንቀቂያ ሞጁል» ሆኑ። ለፍትሐዊነት ሲባል በፊደል ተራ ተደረደሩ። ከላይ የነበረው ደወል ወደ ታች ወረደ፤ ከታች የነበረው በረት ከላይ ወጣ። ሥዕሎቹ የልጆች መጫወቻ ያስመስሉናል ተብለው ተነሡና በአራቱም ላይ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ተተካ።

ነገር ግን ስልክ ግድግዳ አይደለም። የቀበሌ ሠራተኞቻችን የያዙት ስልክ በአንድ ቁልፍ ላይ ከሁለት ቃል በላይ አያሳይም፤ የተረፈውን ይቆርጠውና ሦስት ነጥብ ያደርግበታል። ስለዚህ በ2016 መስከረም አዲሱ ፕሮግራም ሲጫን፣ ስክሪኑ ላይ የቀሩት አራት ቁልፎች «የተቀናጀ የእንስሳት…»፣ «የተቀናጀ የእንስሳት…»፣ «የተቀናጀ የእንስሳት…» እና «የተቀናጀ የእንስሳት…» የሚሉ ነበሩ። አራት ወንድማማች፣ አንድ ማኅተም።

ይህንን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ስልኬን ይዤ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩና ተመለስኩ። ሁለተኛ አልመጣሁም። እንዲያውም ያን ዕለት ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ለጓደኞቼ እያሳየሁ ስቄያለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በቀልድ የማላወራው ነገር ቢኖር ይኸው የእኔ ጥፋት ነው።

፬. ሦስተኛውን ቅሬታ በትሕትና ትቼዋለሁ፤ ስለ ስብሰባው ብስኩት ነበር። ወደ ዋናው ልለፍ።

ቦሼ የሚባለውን ሠራተኛ ያውቁታል። ከዲመካ ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ቀበሌ ዘጠኝ ዓመት እንስሳት አክሟል። አፉን የፈታው በሐመርኛ ነው፤ አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ይናገረዋል፤ ሲያነብ ግን ቀስ ይላል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ኦይታ የሚባል አንድ አርቢ መጥቶ ፍየሎቼ ዓይናቸው ያለቅሳል፣ አፍንጫቸው ተደፍኗል፣ ያስቀምጣቸዋል አለው። ኦይታ አርባ ፍየሎች ነበሩት፤ ለታናሽ ወንድሙ ጥሎሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሰባሰባቸው ናቸው። ቦሼ ሄዶ አየና በሽታውን ወዲያው ለየው። በመጽሐፍ «ደስታ መሰል በሽታ» የሚባለው ነው። ክቡር ሆይ፣ ከብት የሚፈጅን መቅሠፍት «ደስታ» ብሎ መጥራት በአገራችን የቆየ ነገር ነውና፣ ስም ማሳመር በእናንተ እንዳልተጀመረ ለመጽናኛ ያህል እነግርዎታለሁ።

ቦሼ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣ። አምስት ዓመት እንደለመደው የላይኛውን ቁልፍ ነካ፤ የታመሙትን ቁጥር፣ የሞቱትን ሁለት ፍየሎችና የቦታውን ስም ጻፈና ላከ። የላይኛው ቁልፍ ግን አሁን በረት ነው፤ የሚያከማች እንጂ ለማንም የማይናገር። ስልኩ «መረጃዎ በተሳካ ሁኔታ ተቀምጧል» ብሎ መለሰለት። ቦሼ ወርዶ ኦይታን አጽናናው፤ የታመሙትን ከጤነኞቹ እንዲለይ መከረው፤ ክትባቱ እንደ ወትሮው በሁለት ቀን ይደርሳል አለው።

ሁለት ቀን አለፈ፤ አራትም አለፈ። በአምስተኛው ቀን ቦሼ የሐኪሟ ቁጥር ስላልነበረው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደወለ። በአዲሱ መመሪያ በስልክ የሚነገር ሪፖርት እንደማይመዘገብ፣ በተዲእጤመሥ በኩል እንዲልክ ተነገረው። ልኬያለሁ አለ። እንግዲያው ጠብቅ ተባለ። ጠበቀ። ኦይታ በየማለዳው የሞተ ፍየል ከጉረኖው እየጎተተ ሲያወጣ እያየ ጠበቀ። በሽታው ወደ ጎረቤት መንጋ ተሻገረ። በዘጠነኛው ቀን ኦይታ ከአርባዎቹ ዘጠኝ ብቻ ሲቀሩት፣ ቦሼ በጭነት መኪና ዲመካ ገባ፤ ከዚያም በሚኒባስ በቀይ አፈር ከተማ በኩል ጂንካ ደረሰና ሱቄ መጣ።

ፊቱ አቧራ እንደለበሰ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ከፍቼ አየሁት። መልእክቱ በረት ውስጥ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በሰላም ተኝቷል። ምን ብሎህ ነበር ብዬ ጠየቅኩት።

«ተቀምጧል አለኝ» አለ ቦሼ። «እኔም ተቀመጥኩ።»

ቀልድ መስሎ ሊሰማዎት ይችላል። እሱ አልሳቀም፤ እኔም ከዚያ በኋላ በነዚያ አራት ቁልፎች ስቄ አላውቅም።

ወዲያው ለዶክተር ናርዶስ ደወልኩላት፤ የእንስሳት ሐኪሟ ናት። የትኛው ሞጁል እንደሆነ አልጠየቀችኝም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ጭና ከቦሼ ጋር ወጣች። ሦስት ቀን ሳያርፉ ከትበው በሽታውን መንገዱ ላይ አቆሙት፤ ወደ ቱርሚ አልተሻገረም። እስከዚያ ግን መቶ አሥራ ሰባት ፍየሎች ሞተው ነበር። የኦይታ ወንድም ሠርግም ቀረ።

፭. አሁን ደግሞ ስለ ፍትሕ ላመስግን። ኮሚቴው ጉዳዩን ለመመርመር በሳምንቱ ተሰበሰበ። እኔ ጥግ ላይ እየተየብኩ ነበር፤ ቦሼ ቆሞ ነበር። የሆነውን አስረዳ፤ አራቱን ቁልፎችም በስልኩ ላይ አሳየ። ክቡርነትዎ ስልኩን ሳይቀበሉ ከፊትዎ ያለውን ወረቀት ተመለከቱ፤ በማስጠንቀቂያ ሞጁል የተላከ ሪፖርት ዜሮ መሆኑን አነበቡ፤ ከዚያም «ሲስተሙ አይዋሽም» አሉ።

እውነት ነው፤ ሲስተሙ አልዋሸም። ተቀምጧል አለ፤ ተቀምጦም ተገኘ። ከሁላችንም የበለጠ ሐቀኛ እሱ ነበር።

ለቦሼ ወቅታዊ ሪፖርት ባለማቅረብ በሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት፤ ከግል ማኅደሩም ጋር ተያያዘ። በዚህ ዓመት ለዲፕሎማ ትምህርት ከሚላኩት ሰዎች ዝርዝር ላይ ስሙ ሦስተኛ ነበር፤ ተሰረዘ። ይህን ስም ለመሰረዝ ኮሚቴው የወሰደበት ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ቦሼ ወደ ቀበሌው ተመልሶ ከእናቱ መንጋ ሁለት እንስት ፍየሎች ለኦይታ ነድቶ ወሰደለት። ኦይታ አንዷን ተቀብሎ አንዷን መለሰለት፤ አንተም ተጎድተሃል ብሎ። ይህንን የነገረኝ ኦይታ ነው እንጂ ቦሼ አይደለም።

፮. በመጨረሻ የተከሰስኩበትን ጉዳይ ልናዘዝ። መንጋዬን በመጀመሪያ የጻፈው ልዑልቃል የሚባል የሐዋሳ ሰው ነው። ስልኩን ፈልጌ ደወልኩለትና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። የመጀመሪያ ጥያቄው ደብዳቤያችን አልደረሳችሁም ወይ የሚል ነበር። ደርሶናል አልኩት። በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ይዞ መጣ፤ ሱቄ ውስጥ ሁለት ቀን ተቀመጠ። ሥራውን ሳይጀምር አራቱን ቁልፎች ደጋግሞ አያቸው። እኛ የከለከልነው አንድ ቃል ብቻ ነበር አለኝ።

«ደወል የማንም አይደለም» አለ። «ከእኛ በፊትም ፍየል አንገት ላይ ነበረ።»

ኮዱ ክፍት ነውና ከልካይ አልነበረንም። ስሞቹን ከነሥዕሎቻቸው መለሰ። ደወልን ከላይ አወጣው፤ ቀይ አድርጎ፣ ከሌሎቹ አስበልጦ። መልእክቱ ሐኪሟ ዘንድ ሳይደርስ ስልኩ ደረሰ እንዳይል፣ ከደረሰም በኋላ ተቀምጧል እንዳይል አደረገው። የቀረው የዋናው ስም ነበር። ኮሚቴ የለንምና ወደ ዲመካ ወርደን በገበያ ቀን ሰው ጠየቅን። ኦይታ በቦሼ አስተርጓሚነት፣ የፍየሎቹ ባለቤት እኔ፣ የስልኩ ባለቤት እናንተ፣ ስሙን ምን ብዬ ላውጣ አለ፤ ብቻ ፍየል ሲታመም ቶሎ ይናገር። ልዑልቃል እዚያው ቆሞ «ቶሎ» ብሎ ጻፈው። ከጠየቅንበት እስከ ጻፍንበት ሻይ ለመጠጣት እንኳ ጊዜ አልነበረም፤ ለዚህ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ክቡርነትዎ ታዲያ በታኅሣሥ ወር «ባልጸደቀ ስያሜ በሚጠራ ፕሮግራም መገልገል» ክልክል መሆኑን በደብዳቤ አሳወቁኝ። ደብዳቤውን አክብሬ ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ደንበኞቼ ወደ ውስጥ ሲገቡ ቆመው ያነቡታል። ከሃያ ሁለቱ ሠራተኞች ሃያዎቹ አሁን ቶሎን ይጠቀማሉ። የቀሩት ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ከጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ግን ተዲእጤመሥን ከፍተው ያሳያሉ።

በየካቲት ከኦሞ ወንዝ ዳር፣ ዱስ ከምትባል መንደር ደወል ተነካ። ያው በሽታ ነበር። ዶክተር ናርዶስ ምሳ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ፤ ምሳዋን ትታ ተነሣች። በማግስቱ ክትባቱ እዚያ ነበር። የሞቱት ፍየሎች ሦስት ናቸው። በጽሕፈት ቤቱ የስምንት ወር ሪፖርት ላይ ይህ «የስያሜ ኮሚቴው ባካሄደው ማሻሻያ የተገኘ አበረታች ውጤት» ተብሎ መጻፉን አውቃለሁ። ሪፖርቱንም የተየብኩት እኔ ነኝ። አንድም የፊደል ስህተት እንዳይኖረው ተጠንቅቄያለሁ።

ክቡር ሆይ፤ ተዲእጤመሥ ይሻር አልልም፤ የደከማችሁበት ነው። ምረቃው ላይ የቆረጡት ሪባን ይመለስ አልልም። ኮሚቴው ይበተን ማለትም ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ደግሞስ ቃለ ጉባኤውን ማን ሊያስተይበኝ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለቦሼ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ከማኅደሩ ይነሣ፤ ስሙም ወደ ትምህርቱ ዝርዝር ይመለስ። ምዝገባው የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ ነው። ዘጠኝ ዓመት በእግሩ ተዟዙሮ የሰው ሀብት ያዳነ ሠራተኛ፣ አንድ ጊዜ እናንተ ያዛወራችሁትን ቁልፍ በመንካቱ ሰነፍ ተብሎ መኖር የለበትም። ከእሱ ይልቅ ጥፋቱ የእኔ ነው ካላችሁ፣ የእኔ ማኅደር ባዶ ነውና ማስጠንቀቂያውን ወደዚያ ማዛወር ትችላላችሁ። ማዛወር እንደማይከብዳችሁ አይቻለሁ።

ለስምንት ወር ድካምዎ፣ ለአሥራ አራቱ ስብሰባዎችዎ፣ ለእያንዳንዱ «የተቀናጀ» ባለዕዳ የሆነችው፣ ጤናዎን ዘወትር የምትመኝ፣ ከበሩ ላይ አንድ ጊዜ ተመልሳ ሁለተኛ ባለመምጣቷ የምትጸጸት፣ የክቡርነትዎ ትሑት ተያቢ፤

ሽታዬ ዳርጌ
ጂንካ፣ ግንቦት 2016 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቦሼን ማስጠንቀቂያ ለማንሣት ልዩ ስብሰባ መጠራቱን ዛሬ ጠዋት ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። አጀንዳውን ለመተየብ ስቀበል ግን የመጀመሪያው ነጥብ የሚጻፈው ደብዳቤ «መሻሪያ» ይባል «ማንሻ» የሚል መሆኑን አየሁ። ቦሼን ደውዬ ጠየቅኩት፤ ደብዳቤው ስም ባይኖረውም ይቀበላል።